ሃያ ዓመት ኖሮ አሜሪካን ያላየ ሐበሻ

በዋሽንግተን ዲሲና በዙሪያዋ የሚኖር ሐበሻ ጆርጅታውንን አሳምሮ ያውቃታል። ታክሲ የነዳ፣ ኡበር የሚሠራ፣ ፓርኪንግ ያገለገለ፣ ሬስቶራንት ጓዳ ሳህን ያጠበ ሁሉ ኤም ስትሪትን እንደ ሰፈሩ ነው የሚያያት። የትኛው ጥግ ላይ ካሜራ እንዳለ፣ የትኛው ሆቴል ደጃፍ ደንበኛ እንደማይጠፋ በቃሉ ይናገራል።

ከዚያችው ኤም ስትሪት ጥቂት እርምጃ ቁልቁል ወረድ ሲባል አንድ ቀጭን የውሃ ቦይ አለ። ከቦዩ ጎን የአፈር መንገድ ተዘርግቷል። ይህ መንገድ የፖቶማክን ወንዝ ተከትሎ 184.5 ማይል ይሄድና ሜሪላንድ ተራሮች ሥር ከምትገኘው ከምበርላንድ ከተማ ይደርሳል። እዚያ ሌላ መንገድ ይቀበለዋል። ሁለተኛው ደግሞ ተራራውን አቋርጦ 150 ማይል በመጨመር ፒትስበርግ ያስገባል። በድምሩ 335 ማይል ገደማ፣ በኪሎ ሜትር 540 ያህል። ከጥቂት ማቋረጫዎችና ከተማ ለከተማ ከሚያልፍባቸው ቦታዎች በቀር መኪና የሚባል ነገር አይገባበትም። መንገዱ የእግረኛና የብስክሌት ነው።

ከመላው ዓለም ሰው ትኬት ቆርጦ ይህን መንገድ ሊነዳ ይመጣል። መነሻው ላይ ሃያ ዓመት የኖረው ሐበሻ ግን አብዛኛውን ጊዜ መኖሩንም አያውቅም። ነገሩ የስፖርት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማንሳትም ባላስፈለገ ነበር።

የኤግዚት አገር

አብዛኛው ስደተኛ የሚያውቃት አሜሪካ በቁጥር የምትታወቅ ናት። 95፣ 495፣ 66፣ 270። ኤርፖርት፣ ሥራ፣ ሐበሻ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ ቤት። ራቅ ካለም አትላንታ ሰርግ፣ ዳላስ የኳስ ፌስቲቫል። በእነዚህ ቦታዎች መካከል ያለው አገር በሃይዌይ ላይ በሰዓት 70 ማይል የሚታለፍ አረንጓዴ ነገር ነው። ነዳጅ ለመቅዳት አንድ ኤግዚት ላይ ይወጣል፣ ሽንት ቤት ይገባል፣ ቡና ይገዛል፣ ይመለሳል። ያ ነዳጅ ማደያ የማን ከተማ እንደሆነ፣ ሰዉ በምን እንደሚተዳደር የሚጠይቅ የለም።

ከዚያ ምርጫ ሲመጣ "ገጠሬው አሜሪካዊ እንዲህ ነው፣ እንዲያ ነው" የሚለው ወሬ ይጦፋል። ምንጩ ቴሌቪዥን ነው፤ ያየው ሰው የለም። አገር ቤት ያለ ዘመድ "አሜሪካ ምን ትመስላለች?" ብሎ ሲጠይቅ የሚመልሰው ደግሞ ስለ ቢልና ስለ ሬንት ነው። ውሸት አልተናገረም። እሱ ያያት አሜሪካ እሷው ናት።

ብስክሌት ይህን ይለውጣል። ፍጥነቱ በሰዓት 10 ማይል ቢሆን ነው። በዚህ ፍጥነት የሚሄድ ሰው የበቆሎውን ማሳ ሽታ ያውቀዋል፣ ውሻው ይጮህበታል፣ በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ እጁን ያነሳለታል። ውሃ ሲያልቅበት የሰው ደጅ ማንኳኳት ይኖርበታል። አገር ቤት ድሮ መንገደኛ ሲመሽበት "የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ" ይል ነበር። ብስክሌተኛ መንገደኛም ለዚያ ዓይነት ሰው የቀረበ ነው። ላቡ ይታያል፣ ድካሙ ይታያል፣ የሚፈራ ነገር የለውም። ዋርምሻወርስ የሚባል መገናኛ እንኳን አለ፤ ብስክሌተኞችን ቤታቸው በነጻ የሚያሳድሩ ሰዎች በየገጠሩ ተመዝግበው የሚገኙበት።

መንገዱ ራሱ የሚናገረው

የመንገዱ ታሪክ ለብቻው ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 4 ቀን 1828 ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ አካፋ ይዘው የቦዩን ቁፋሮ አስጀመሩ። አካፋው የዛፍ ሥር መትቶ አልገባ ቢላቸው ኮታቸውን አውልቀው እንደገና ቆፈሩ ይባላል። በዚያው ዕለት ባልቲሞር ላይ ደግሞ የባቡር ሐዲድ ሥራ ተጀመረ። ሁለቱም ወደ ምዕራብ ለመድረስ ተሽቀዳደሙ። ባቡሩ ከምበርላንድ የገባው በ1842 ነው። ቦዩ በ1850። ገና ሳያልቅ ተሸንፏል።

ቢሆንም እስከ 1924 ድረስ ሠራ። ከምበርላንድ የተጫነ የድንጋይ ከሰል በጀልባ ወደ ጆርጅታውን ይወርድ ነበር። ጀልባውን የሚጎትቱት በቅሎዎች ናቸው። ዛሬ ብስክሌት የሚሄድበት የአፈር መንገድ የእነዚያ በቅሎዎች መሄጃ ነው። በቅሎ የጭነትም የክብርም እንስሳ ከሆነችበት አገር ለመጣ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በኋላ ደግሞ የተተወውን ቦይ የመኪና መንገድ ለማድረግ ታሰበ። በ1954 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣም ሐሳቡን ደገፈ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኛ ዊልያም ዳግላስ ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፉ። አዘጋጁ ኑና አብረን እንሂድበት፣ በእግራችሁ ካያችሁት በኋላ ሐሳባችሁን ትለውጣላችሁ የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። ሄዱ። በመጋቢት ብርድ ከከምበርላንድ ተነስተው ስምንት ቀን ተጓዙ። ጋዜጣው አቋሙን አለዘበ፣ የመኪናው መንገድ ቀረ፣ ቦዩም በ1971 ብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክ ሆነ። አንድን ነገር በመኪና መስኮት የሚያይና በእግሩ የሚያይ ሰው የተለያየ ፍርድ እንደሚሰጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከከምበርላንድ ወዲያ ያለው መንገድ የባቡር ነበር። ባቡርም በተራው በጭነት መኪና ተሸነፈና ብዙ ሐዲድ ተነቀለ። በ1983 የወጣ ሕግ የተተዉ የሐዲድ መስመሮች ሳይበጣጠሱ ለእግረኛና ለብስክሌት እንዲቆዩ በር ከፈተ። እስከ ፒትስበርግ ያለው መስመር ሙሉ በሙሉ የተጠናቀቀው በ2013 ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ መንገዱ ለቀርፋፋው ተረፈ።

አራት ጓደኛሞች

እስቲ አራት ጓደኛሞች ይታሰቡ። አንዱ ኡበር ይነዳል፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ፓርኪንግ ያስተዳድራል፣ አንዱ ቢሮ ይሠራል። ሁሉም ዕድሜያቸው አርባን አልፏል። አንድ ሰሞን ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ አፓርታማ ውስጥ ተደራርበው ኖረዋል። አሁን አንዱ ውድብሪጅ፣ አንዱ ጀርመንታውን ነው። የሚገናኙት ለቅሶ ላይ ነው። ሰርግና ክርስትና ሲኖር ይጨመራል። "እንደዋወል" ተባብለው ይለያያሉ፣ ሌላ ለቅሶ እስኪመጣ አይደዋወሉም።

እነዚህ ሰዎች ስድስት ቀን አግኝተው ቢነሱ ምን ይገጥማቸዋል?

በመጀመሪያው ቀን ማታ 60 ማይል ላይ ሃርፐርስ ፌሪ ይደርሳሉ። ሁለት ወንዞች የሚገናኙባት ትንሽ የተራራ ከተማ ናት። በ1859 ጆን ብራውን ሃያ ያህል ሰዎች አስከትሎ፣ ባሪያዎችን አስታጥቆ ነጻ ለማውጣት የመንግሥትን የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤት የያዘባት ቦታ ናት። አልተሳካለትም፣ ተሰቀለ። በማግስቱ ጠዋት አንቲታም አጠገብ ያልፋሉ። መስከረም 17 ቀን 1862 በአንድ ቀን ብቻ 23,000 ያህል ሰው የሞተበት፣ የቆሰለበትና የጠፋበት ሜዳ ነው። ዛሬ ሣር ነው። የራሱን አገር ጦርነት ዜና በየማለዳው ስልኩ ላይ የሚያነብ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ብስክሌቱን አስደግፎ ሲቆም የሚያስበው አያጣም። ወንድም ከወንድም ተላልቆ ከ160 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላም ቁስሉ እንደሚያሳክክ፣ ሣሩ ግን እንደሚበቅል ያያል።

በሦስተኛው ቀን ፓው ፓው ዋሻ ውስጥ ይገባሉ። 3,118 ጫማ ርዝመት አለው፣ ስድስት ሚሊዮን ጡብ ፈጅቷል፣ ሥራው 14 ዓመት ወስዷል። ውስጡ ድቅድቅ ነው። ከብስክሌት ይወረዳል፣ ባትሪ ይበራል፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ሆኖ ይታለፋል። ከከምበርላንድ በኋላ 23 ማይል ዳገት አለ። ባቡር ይወጣው የነበረ ስለሆነ ቁልል አይደለም፣ ግን አያልቅም። ጫፉ 2,392 ጫማ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የወረደ ዝናብ ወደ አትላንቲክ፣ ከዚያ ወዲያ የወረደው ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ እስከ ፒትስበርግ ቁልቁለት ነው።

ይህን ሁሉ ሲሄዱ ያወራሉ። ፊት ለፊት ተቀምጦ የማይነገር ነገር ጎን ለጎን ሲሄዱ ይነገራል። ሁለተኛው ቀን ላይ ቀልዱ ያልቃል። ሦስተኛው ቀን ላይ አንዱ ስለ ፍቺው፣ ሌላዋ ሳትቀብራት ስለቀረችው እናቷ ትናገራለች። ጎማ ሲተነፍስ አንዱ ይለጥፋል፣ አንዱ በፖምፓ ይነፋል፣ አንዱ ዳቦ ይቆርሳል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ የሚገባው ድንኳንና ስንቅ ለአራት ሲከፋፈል ነው።

ሁለት ከባድ መልሶች

የመጀመሪያው መልስ "ጊዜም ገንዘብም የለም" ነው። እውነት አለው። በቀን ሠርቶ በቀን ለሚያገኝ ሰው ስድስት ቀን ስድስት ቀን ነው፤ ሬንት አይጠብቅም፣ አገር ቤት የሚላክም አለ። ግን ጉዞው ርካሽ ነው። ቦዩ ዳር በየጥቂት ማይሉ ክፍያ የሌላቸው የድንኳን ቦታዎች አሉ። ያገለገለ ሳይክል ይበቃል። ስድስት ቀን ካልተገኘ ቅዳሜና እሑድ ሃርፐርስ ፌሪ ድረስ ሄዶ መመለስ ይቻላል። ደግሞም ያው ሰው በዓመት ውስጥ ለስንት ሰርግ አውሮፕላን እንደሚሳፈር፣ ለስንት ድግስ ሱፍ እንደሚገዛ ቢያሰላ የጊዜው ጉዳይ ሌላ መልክ ይኖረዋል። አብዛኛው ሰው የጎደለው ዕረፍት ኃጢአት አለመሆኑን የሚነግረው ሰው ነው።

ሁለተኛው መልስ ይከብዳል፤ "ጥቁር ሰው ገጠር ምን ይሠራል?" የሚለው። ይህን ፍርሃት ተረት ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ታሪክ አላነበበም። ከ1936 ጀምሮ ለሠላሳ ዓመት ያህል ግሪን ቡክ የሚባል መጽሐፍ ይታተም የነበረው ጥቁር መንገደኛ የት ማደር፣ የት መብላት እንደሚችል ለመንገር ነው። ፀሐይ ከጠለቀች ጥቁር እንዳይገኝባቸው የሚከለክሉ ከተሞች ነበሩ። መንገዱ ላይም ዛሬ ሆድ የሚያስብስ ባንዲራ የተሰቀለበት ቤት ሊታይ ይችላል።

ነገር ግን ሌላም ታሪክ አለ። በ1897፣ ከዐድዋ ድል በኋላ በዓመቱ፣ የ25ኛው እግረኛ ሬጅመንት 20 ጥቁር ወታደሮች በሻምበል ሳይሆን ገና በመቶ አለቃነት ላይ በነበረ ጄምስ ሞስ በሚባል ነጭ መኮንን እየተመሩ ከሞንታና ሚዙላ ተነስተው ሴንት ልዊስ ድረስ 1,900 ማይል በብስክሌት ሄደዋል። 41 ቀን ፈጀባቸው። መንገድ በሌለበት፣ በጭቃና በአሸዋ፣ አንዳንዴም በባቡር ሐዲድ ላይ እየገፉ። አገሪቱን በብስክሌት ማቋረጥ የነጭ ጨዋታ ነው የሚል ሰው ይህን አልሰማም።

ስለዚህ ፍርሃቱን ይዞ፣ በጥንቃቄ መሄድ ነው። በቡድን፣ በቀን፣ የት እንደሚታደር ለቤተሰብ ነግሮ። ስልክ የማይሠራባቸው ቦታዎች ስላሉ ካርታ አውርዶ። ዝናብ ከጣለ ቦዩ ዳር ጭቃ ስለሚሆን አንድ ቀን ትርፍ ይዞ። ከተራራው ጫፍ አጠገብ ያለው ቢግ ሳቬጅ ዋሻ በክረምት ስለሚዘጋ ጸደይ ከገባ በኋላ።

የገጠሩ ሰውም ቢሆን የራሱ ታሪክ አለው። ሚየርስዴል፣ ሮክዉድ፣ ኮነልስቪል የሚባሉት ከተሞች በከሰልና በባቡር የቆሙ ነበሩ። ሥራው ሲሄድ ልጆቻቸውም ሄዱ። ዛሬ የሚየርስዴል አሮጌ ባቡር ጣቢያ እንግዳ መቀበያ ነው፤ በየከተማው ለብስክሌተኛ አልጋና ቁርስ የሚያቀርቡ ቤቶች ተከፍተዋል። ልጁ ሥራ ፍለጋ የሄደበት ሽማግሌና ሥራ ፍለጋ አገሩን ጥሎ የመጣ ሰው አንድ በረንዳ ላይ ቢገናኙ የሚያወሩት አያጡም። በሃይዌይ ሲተላለፉ ግን አይገናኙም።

የመንገዱ ዜሮ ማይል ምልክት ያለው ዋተርጌት ሕንፃ አጠገብ፣ ወንዙ ዳር ነው። ዋተርጌት ደግሞ በዲሲ ታክሲ የነዳ ሐበሻ ሁሉ ሰው አውርዶበታል። በሚቀጥለው ጊዜ ደንበኛውን ካወረደ በኋላ አፑን አምስት ደቂቃ ዘግቶ ወደ ወንዙ ብቅ ቢል ድንጋዩን ያገኘዋል። ከዚያ ለሦስቱ ጓደኞቹ ይደውል፤ ለቅሶ ሳይጠብቅ።