ጥጃ ይቦርቃል ያለ ሰው፣ ዓሣ ይጫወታል ሲባል ለምን ይስቃል?

ወላይታ ውስጥ ጥጃ ሲቦርቅ አይቶ «ይኼ ደመ ነፍስ ነው እንጂ ጨዋታ አይባልም» ብሎ የሚከራከር ሰው ማግኘት ይከብዳል። የሰንጋ አገር ነው፤ ከብት ሲከፋውም ሲደላውም ከሩቅ ይለያል። ዓሣ ይጫወታል ሲባል ግን ያው ሰው ይስቃል። ከአባያ ወይም ከጊቤ ሦስት ግድብ የወጣ ቆሮሶ ለእሱ ኪሎ ነው፣ ጥብስ ነው። (በጾም ወቅት ደግሞ ሥጋ መሆኑም ያከራክራል።)

ሳቁ ማስረጃ የለውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ኢቶሎጂ የተባለው የእንስሳት ባሕርይ መጽሔት የጎርደን በርግሃርትን፣ የቭላድሚር ዲኔትስንና የጄምስ መርፊን ጥናት አወጣ። የተጠኑት ሦስት ወንድ ዓሦች ናቸው፤ ዝርያቸው ትሮፊየስ ዱቦይሲ፣ የታንጋኒካ ሐይቅ ዓሣ ነው። ገንዳው ውስጥ ከሥሩ ክብደት ያለው፣ ቢገፉት ተመልሶ የሚቆም ቴርሞሜትር ነበር። ዓሣው መትቶ ያጋድለዋል፤ ቴርሞሜትሩ ቀጥ ይላል፤ ዓሣው ይደግመዋል። ከ1,400 ጊዜ በላይ ተመዝግቧል። ምግብ ኖረም አልኖረም፣ ሌላ ዓሣ ታየም አልታየም፣ ያን ያህል ለውጥ አልነበረውም። አመታታቸውም ይለያይ ነበር።

«ተቀናቃኝ መስሎት ነው» የሚለው መልስ ዝግጁ ነው። ወንዱ ክልሉን በጉልበት ማስከበሩ እውነት ነው። ግን ጠላቱን የሚመታ ጠላቱ እንዲሸሽለት ይፈልጋል። እነዚህን የሳባቸው፣ አጥኚዎቹ እንዳሉት፣ የተመታው ነገር ተመልሶ መቆሙ ነው። ኳስ ከግድግዳ ጋር የሚቀባበል የሶዶ ልጅ ከግድግዳው ጋር ጠብ አለው ወይ?

«ሦስት ዓሣ ብቻ?» ይኼኛው ይከብዳል። ሦስት ዓሣ ስለ ዓሣ ሁሉ አይመሰክርም፤ ቆሮሶ ይጫወታል ለማለትም አይበቃም። «ዓሣ ፈጽሞ አይጫወትም» የሚለውን ለማፍረስ ግን አንዱም በበቃ ነበር። ቆሮሶ ደግሞ ባዕድ አይደለም፤ ከትሮፊየስ ጋር ሲክሊድ የሚባል አንድ ቤተሰብ ነው። ወንዱ ከውኃው ወለል ጉድጓድ ቆፍሮ ጎጆ ይሠራል፤ ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ከአባያ ብዙም አይርቅም፤ ለጥናቱ የሚያስፈልገውም ገንዳ፣ ካሜራና ትዕግሥት ነው።

ዓሣ ወዳድ ነኝ የሚለውም ቢሆን አያመልጥም። በርግሃርት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ ጨዋታን የሚለይባቸው አምስት መስፈርቶች አስቀምጧል። አንዱ እንስሳው ያልተራበ፣ ያልታመመ፣ ያልተጨነቀ መሆኑ ነው። ድርጊቱ ይደጋገማል፤ ግን እንደ ማሽን አንድ ዓይነት አይሆንም። ሆቴል ወይም ካፌ ውስጥ ለጌጥ በተቀመጠ ባዶ የመስታወት ሳጥን፣ ጥጉን ይዞ ቀኑን ሙሉ ላይ ታች የሚል ዓሣ ሲታይ ለልጅ «እየተጫወተ ነው» ይባላል። አይደለም። ብዙውን ጊዜ የጭንቀት ምልክት ነው። ድንጋይ፣ ተክል፣ መደበቂያና ሰፊ ቦታ ያልገዛ ሰው ዓሣውን ባይገዛ ይሻላል።

ነገሩ ከመስታወት ሳጥን ያልፋል። የሚደሰትበት ነገር ያለው ፍጡር የሚከፋውም ነገር ይኖረዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 ሊን ስኔደንና ባልደረቦቿ ከንፈራቸው ላይ አሲድ ወይም የንብ መርዝ የተወጉ የትራውት ዓሦችን አጥንተው ነበር። ወዲያ ወዲህ ይወዛወዙ ነበር፤ አሲድ የተወጉት ከንፈራቸውን ከጠጠር ጋር ያሹ ነበር፤ ወደ ምግብ ለመመለስም ዘገዩ። ሕመም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ዛሬም አላበቃም፤ ከባዱ ሸክም ግን «አይሰማውም» በሚለው ወገን ጫንቃ ላይ ነው።

ዓሣ አይበላ ያለ የለም። ሰንጋም ይበላል፤ ለሰንጋው ግን ቢላዋ ይሳልለታል። ቆሮሶው ከመረብ ከወጣ በኋላ ጀልባ ወለል ላይ አፉን እየከፈተ እየዘጋ ራሱ እስኪሞት ለምን ይጠበቃል? ራሱን በደንብ መትቶ መግደል ደቂቃ አይፈጅም።