የላይኛው ግቢ ውሃ የታችኛው ግቢ ጎርፍ ነው

ጎርፍ ከሰማይ የሚወርድ መዓት ነው ሲባል እንሰማለን። እኛ በዚህ አባባል አንስማማም። ከሰማይ የሚወርደው ዝናብ ነው። ዝናቡን ጎርፍ የሚያደርገው ከወረደ በኋላ የሚያገኘው ጣራ፣ ግቢ፣ አጥርና ቦይ ነው፤ ይህ ደግሞ የሰው ሥራ ነው። የሰው ሥራ ከሆነ ሰው ሊያስተካክለው ይችላል። የሚያስተካክልበትም ጊዜ ሰማዩ ከጠቆረ በኋላ ሳይሆን ሰኔ ሳይጠባ፣ መሬቱ ገና ዶማ በሚቀበልበት ወራት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚደረገው ሁሉ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ነገሩን በደሴና በኮምቦልቻ ላይ አድርገን እንመልከተው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር፣ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከጦሳ የሚወርደው ጎርፍ በየሰፈሩ እየተሰነጣጠቀ አልፎ ወደ ቦርከና ይገባል። ቦርከናም በዶሮ መዝለያ በኩል ገደሉን ወርዶ ኮምቦልቻ ሜዳ ይደርሳል፤ ከዚያም በከሚሴ አቅጣጫ ወደ አዋሽ ይጓዛል። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በመንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። በዚህች አጭር መንገድ ውስጥ ግን መሬቱ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። እንግዲህ ሁለቱ ከተሞች የላይና የታች ጎረቤታሞች ናቸው ማለት ነው። ደሴ ያልያዘችውን ውሃ ኮምቦልቻ ትቀበላለች። በከተሞቹ ውስጥም ሕጉ ይኸው ነው፤ የላይኛው ግቢ ያልያዘውን የታችኛው ግቢ ይቀበላል።

የውሃውን ብዛት ማንም ሰው በቤቱ ሊያሰላው ይችላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። 50 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው የቆርቆሮ ጣራ ላይ በአንድ ከባድ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድ 2,000 ሊትር ውሃ ይሆናል፤ ይህም በትልቁ በርሜል 10 በርሜል ነው። በአንድ ተዳፋት ላይ እንዲህ ያሉ 100 ቤቶች ቢኖሩ 1,000 በርሜል ውሃ ከጣራ ብቻ ቁልቁል ይለቀቃል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ውሃ የት ይሂድ? ጥያቄው ይህ ነው፤ ጥያቄውን ግን አብዛኛው ሰው የሚመልሰው «ከእኔ ግቢ ይውጣልኝ እንጂ የትም ይሂድ» በማለት ነው።

ይህ መልስ በየቀበሌው በድንጋይና በሲሚንቶ ተጽፎ ይታያል። አቅም ያለው ሰው ግቢውን በገረጋንቲ ሞልቶ ከፍ ያደርጋል፤ በግንብ ያጥራል፤ ከግንቡም ሥር ቀዳዳ አውጥቶ ውሃውን ወደ ታችኛው ጎረቤት ይለቃል። ታችኛው ጎረቤት የጭቃ ቤት ያለው ምስኪን ነው፤ ወይም በሰርቪስ ቤት የተከራየ የቀን ሠራተኛ ነው። ውሃው በምርጊቱ ሥር ገብቶ ግድግዳውን ያርሰዋል፤ ምሰሶውን ያበሰብሰዋል። የመንገዱ ኮብል ድንጋይ ሲነጠፍም ብዙ ጊዜ መንገዱ ከግቢው ከፍ ይልና ቀድሞ ወደ መንገድ ይወጣ የነበረው ውሃ ተመልሶ ወደ በራፍ ይገባል። የመንገዱ ቦይ ደግሞ ፌስታል፣ የውሃ ፕላስቲክና የጫት ገረባ ተሞልቶ ሐምሌን ይጠብቃል።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለቤት በንብረቱ ሲጠቀም ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ ያዛል። ሆኖም የታችኛው ሰው ስለ አንድ ቀዳዳ ብሎ ፍርድ ቤት አይመላለስም፤ ጊዜውም ገንዘቡም የለውም። ስለዚህ ፍርዱ የሚገኘው ከችሎት ሳይሆን ከጎረቤት ኅሊና መሆን ይኖርበታል።

የላይኛው ውሃ የታችኛውን ሰው ምን ያህል እንደሚጎዳ አገራችን በሐዘን አይታዋለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ከድሬዳዋ በላይ ባሉት ደጋዎች የዘነበው ዝናብ በደቻቱ ወንዝ ወርዶ ሕዝቡን በሌሊት ደረሰበት፤ ከ200 በላይ ሰዎች አለቁ። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ ውሃ የጠጣ ተራራ ተንዶ እንዲሁ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀድሞ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ደሴም የመሬት መንሸራተት የማያውቃት ከተማ አይደለችም። ስለዚህ ስለ ቦይ መናገር ስለ ትንሽ ነገር መናገር አይደለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ውሃ ከግድግዳ ሥር እንዲርቅ ግቢውን ማዳፋት ያስፈልጋል። ከግድግዳው እስከ 3 ሜትር ድረስ መሬቱ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ካለ ይበቃል። ለዚህም መሐንዲስ መጥራት አያሻም፤ ውሃ የተሞላ ረጅም ላስቲክ ቱቦና ሁለት ሰው ካለ ውሃ ልክ ተገኘ ማለት ነው። በልጉ የዘነበ ጊዜም ውሃው የት እንደሚያቁር መሬቱ ራሱ ያሳያል። ሁለተኛ፣ ከጣራው የሚወርደው ውሃ በአሸንዳ ተይዞ የሚቻለው ያህል በበርሜል ይጠራቀም፤ የተረፈው በቦይ ይመራ። የቦዩም ወለል በየ1 ሜትሩ ቢያንስ 1 ሳንቲ ሜትር ይዘቅዝቅ፤ ካለዚያ ውሃው ይተኛና የወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል። በጣም በሚያዘቀዝቅ ቦታ ደግሞ ቦዩ እንደ ደረጃ እየተሰበረ በድንጋይ ይሠራ እንጂ ቀጥ ብሎ አይውረድ፤ የሚሮጥ ውሃ ቦይን ወደ ገደል ይለውጣልና።

በሦስተኛው ነገር ላይ በተለይ እንድትጠነቀቁ እንለምናለን። «ጉድጓድ ቆፍረህ ውሃውን ለመሬት አጠጣው» የሚል ምክር በብዙ ቦታ ይሰማል። ጠጠራማ አፈር ባለበት ደልዳላ ቦታ ምክሩ መልካም ነው። በደሴ ተዳፋት ላይ ግን አደገኛ ነው። ውሃ የጠጣ አፈር ይከብዳል፤ በውስጡም የታመቀው ውሃ አፈሩን ከሥሩ ካለው ዐለት ያላቅቀዋል፤ ተዳፋቱም ይንሸራተታል። እዚያ ውሃው ከመሬት በላይ በተሠራ ቦይ ተይዞ መውረድ አለበት። በኮምቦልቻ ሜዳ ዋልካ አፈር ባለበትም ጉድጓዱ አይረዳም፤ ዋልካ አንዴ ከራሰ ውሃ አያሳልፍም፤ እርጥብ ሲሆን አብጦ፣ ሲደርቅ ተሰንጥቆ መሠረት ይሰብራል። በተዳፋት ላይ ያለ ሰው ደግሞ መሬቱ አዲስ ስንጥቅ ሲያወጣ፣ ይገጥም የነበረ በር አልዘጋ ሲል፣ አጥር ወይም የመብራት ምሰሶ ሲያዘነብል ወይም ካልነበረበት ቦታ ውሃ ሲመነጭ ካየ፣ ቤተሰቡን ይዞ ይውጣና ለቀበሌው ይንገር። ዕቃ ለማትረፍ አይመለስ።

የሁሉም ራስ ግን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። ቦይ የሚጠረገው ከታች ወደ ላይ ነው። የላይኛው ሰው ቀድሞ ቦዩን ቢያሳምር ውሃውን በበለጠ ፍጥነት በታችኛው ሰው ላይ ከመላክ በስተቀር ያደረገው ነገር የለም። መጀመሪያ መድረሻው ይከፈት፤ ቀጥሎ የታችኛው ግቢ፣ ከዚያ የመካከለኛው፣ በመጨረሻም የላይኛው። እንግዲህ ሥራው መጀመር ያለበት ከሁሉ በታች ካለው፣ ከሁሉም ድሀ ከሆነው ሰው ደጃፍ ነው። ይህን የምንለው ለርኅራኄ ብቻ አይደለም፤ የውሃ ጠባይ ራሱ የሚያዘው ይህን ነው።

እንዲህ ያለውን ሥራ አንድ ሰው ብቻውን አይሠራውም። ወሎ ግን ለዚህ የሚሆን ማኅበር ከጥንት ጀምሮ አላት፤ እሱም ቅሬ ነው። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አንድ ሆኖ ሬሳ የሚሸኝበት፣ ድንኳን የሚተክልበት፣ ሐዘንተኛ የሚያጽናናበት ማኅበር ነው። ለቀብር የምንሰበሰብ ሰዎች ቀብሩ እንዳይመጣ ስለ ምን አንሰበሰብም? አንድ ቅሬ በግንቦት አንድ ቅዳሜ ተሰብስቦ ሽማግሌዎቹን በተዳፋቱ ላይ ከታች እስከ ላይ ቢያስኬድ፣ የማን ውሃ በማን ላይ እንደሚወርድ በግልጽ ቢነጋገርና ቦዩ በማን ድንበር እንደሚያልፍ ቢስማማ፣ ከዚያም በደቦ ቢቆፍር፣ ግማሹ ጎርፍ ሳይመጣ ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ መሆኑን ለወሎ ሰው አናስተምርም።

«ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ ዋናውን ቦይ፣ የድልድዩን ቱቦና የተራራውን እርከን ማሠራት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ ቦይ የሚጠረገውም በግንቦት እንጂ በነሐሴ መሆን የለበትም። የላይኛውን ሰው ቀዳዳ ለመድፈን፣ ግንብ ሲሠራ ውሃው የት እንደሚሄድ ሳይጠይቁ ፈቃድ ላለመስጠትም ሥልጣኑ አለው። ነገር ግን ማዘጋጃ ቤቱን በሙሉ አፉ የሚጠይቅ ሕዝብ የራሱን ደጃፍ የጠረገ ሕዝብ ነው።

እኛ ተማሪዎችስ? በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው የወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴም በኮምቦልቻም ግቢ አለው፤ ምህንድስናውን የሚማረው ተማሪም ከጎርፉ ሰፈር ርቆ አይኖርም። የቅየሳ ትምህርት በግቢ ሣር ላይ ከሚለማመዱት ይልቅ በአንድ ሰፈር ተዳፋት ላይ ቢለማመዱት ሁለት ጊዜ ይጠቅማል። ሕዝቡ ቦታውን ያውቃል፤ አዛውንቶቹ ውሃው በየትኛው ክረምት የት እንደደረሰ ያስታውሳሉ። ተማሪው ልኩን ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶች በአንድ ቅዳሜ ቢገናኙ ምን ይጎድላል?

ስለዚህ ቃላችን አጭር ነው። ግቢህ ደረቅ መሆኑን ብቻ አትይ፤ ከግቢህ የወጣው ውሃ የት እንደደረሰ ተከትለህ እይ። የሰው ልጅ ተኝቶበት ካገኘኸው ሥራህ አላለቀም። ሰኔ ሳይጠባ ዶማህን ይዘህ ወደ ታች ውረድ፤ ሥራውንም ከዚያ ጀምር።