«ፊት እናጸዳለን»

ከአዲስ አበባ ጣርማ በርንና ደብረ ሲናን አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ ሰው ጃኬቱን የሚያወልቀው አርማንያ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሙቀት ነው። እዚህ ቆላ፣ አንድ የውበት ሳሎን በር ላይ «ፊት እናጸዳለን» የሚል ጽሑፍ ካየሁ ጀምሮ ይከነክነኛል። ምን ያደፈ ነገር አለና?

የአክስቴን ልጅ የጠየቅኳትም ይህንኑ ነበር። ሁለተኛ ልጇን ስታረግዝ ግንባሯ ላይ ማዲያት ወጣባት። ሳሎን ሄዳ በማሽን አስፋቀች፤ በሳምንቱ አሲድ ተቀባች። ለጥቂት ቀን «በራሽ!» ተባለች። ሽንኩርት ነጋዴ ናትና ቤቷ አልተቀመጠችም፤ ጠራራ ፀሐይ ላይ ቆማ አይሱዙ ስታስጭን ዋለች። ወሩ ሳያልቅ ጥቁሩ ከግንባሯ ወርዶ ጉንጮቿን ያዘ። «የጀበና ቂጥ መሰልኩ» ትላለች እየሳቀች። ሳሎኗ ምን አለች? «ቆሻሻው እየወጣ ነው፤ አንድ ዙር ይቀርሻል።»

የተናደድኩት በዚህች ዓረፍተ ነገር ነው። ማሽኑ የሚፍቀው የሞተውን የላይኛውን ስስ ሽፋን፣ የሚሊ ሜትር መቶኛ ያህሉን ነው። እሱን ደግሞ ቆዳ ራሱ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ያድሰዋል። ቀለም የሚሠራው ከዚያ በታች ነው። የጠይም ሰው ቆዳ ሲቆጣ ቀለም ጨምሮ ይመልሳል። ብጉሩን ያፈረጠ ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ብጉሩ ይሄዳል፣ ጥቁሩ ይቀራል።

ሙያው ሐሰት ነው አልልም። የቆዳ ሐኪም ሲሠራው ቆዳውን አይቶ፣ ለሳምንታት አዘጋጅቶ፣ ለስለስ ባለ አሲድ ይጀምራል፤ ከዚያም በየቀኑ ሰንስክሪን ያዛል። ሸዋ ሮቢት በ10 ዲግሪ ሰሜን ያለች ከተማ ናት፤ በሚያዝያና በነሐሴ ፀሐይዋ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትቆማለች። እዚህ ስለ ፀሐይ መከላከያ ሳይናገሩ ፊት መላጥ ጣሪያ ገፎ ክረምትን መጠበቅ ነው።

«ታዲያ እቤቴ በሎሚና በስኳር እሠራዋለሁ» የምትለዋ ደግሞ የባሰ ላይ ናት። ሎሚ የነካው ቆዳ ፀሐይ ሲያገኘው ይቃጠላል። ቃጠሎው የሚታየው ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሆነ ሎሚውን የሚጠረጥር የለም፤ ጥቁሩ ግን ወራት ይቆያል።

«እናቶቻችንስ የወይባ ጢስ ይሞቁ አልነበር?» ይሉኛል። ይሞቁ ነበር። ጢሱ ንጹሕ መድኃኒት ነው ብዬ አልሟገትም፤ ለዓመታት እሳት ዳር የተቀመጠ ቆዳ መረብ የመሰለ ጥቁረት ያወጣል። ግን በተለይ ወይባ የሚሞቁት እነማን ነበሩ? ሙሽራና አራስ። ሁለቱም ተሸፋፍነው ቤት ውስጥ ይሰነብታሉ፤ ፀሐይ አያያቸውም። ለፊታቸው ጥራት የሚመሰገነው ጢሱ ብቻ ነው፤ ጥላውን ማንም አያነሳውም። ሳሎኗ ጢሱን በማሽን ተክታ ጥላውን እዚያው ተወችው።

የአክስቴ ልጅ ሦስተኛውን ዙር አልሄደችም። አሁን ሽንኩርቷን የምታስጭነው ጃንጥላ ይዛ ነው። በበጋ፣ አንዲት ጠብታ በሌለበት፣ ጫኞቹ «ዘነበ እንዴ?» እያሉ ይስቁባታል።