ፒካፕ መኪናን ከፍ ከማድረግ በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነገር

ይድረስ ለክቡር ዋና አዘጋጅ፤

ክቡር ሆይ፤ ቀጥሎ ያለችው አሳቤ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለመኪና ባለቤቶች ትጠቅም እንደ ሆነ በማለት በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድ ላይ እንድትወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በጃን አሞራ ወረዳ በመካነ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ሥራዬ ፊዚክስ ማስተማር እንጂ መኪና መጠገን አይደለም። ይሁን እንጂ የመካነ ብርሃን ነዋሪ የሆነ ሰው ሁሉ ወደደም ጠላ ስለ መኪና ጥቂት ሳያውቅ አይቀርም። ከዚህ ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ቧሂትን ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ከፍታ ተሻግሮ፣ በጨነቅና በሳንቃበር በኩል፣ በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አቋርጦ የሚያልፍ ነውና። ሐኪም ቤት፣ የፈተና ወረቀት፣ ዘይትና ስኳር፣ ሁሉም የሚገናኘው በዚሁ መንገድ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔና የባለቤቴ ወንድም በዕቁብ ገንዘብ አንዲት ያገለገለች ቶዮታ ሃይሉክስ ፒካፕ ገዛን። እሱ ሾፌር ነው፤ እኔ ደግሞ ሒሳብ ያዥ ነኝ። መኪናይቱ እህል ትጭናለች፤ ሰው ሲታመምም አምቡላንስ ትሆናለች። እንደ ገዛናትም ወዳጆቻችን ሁሉ «ለዚህ አገር ከፍ ማለት አለባት፤ ጎማዋም ትልቅ መሆን አለበት» ብለው መከሩን። ምክሩን ሰማን። ስሙን መጥቀስ በማያሻኝ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ሄደን ከኋላ ባሌስትራዋ ሥር የብረት ታኮ፣ ከፊት ደግሞ ከሞላዋ በላይ ማስረዘሚያ አስገባን። ጎማዋንም 265/65 አር 17 የነበረውን አውጥተን 285/70 አር 17 አደረግንላት። እውነቱን ለመናገር፣ ስትቆም ግርማ ሞገስዋ ደስ ያሰኝ ነበር። ገንዘቡን ቈጥሬ የከፈልሁ እኔው ነኝ፤ ስለዚህ የምወቅሰው ከሁሉ አስቀድሜ ራሴን ነው።

በ2016 ዓ.ም. በኅዳር ወር ምጥ የጠናባትን አንዲት ሴት ከነቤተ ሰብዋ አሳፍረን፣ ከኋላም እህል ጭነን ወደ ደባርቅ ስንሄድ፣ ቧሂትን ተሻግረን ወደ ጨነቅ በምንወርድበት ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እየላላ መጣ። መጀመሪያ የተቃጠለ ነገር ሸተተን፤ ቀጥሎ የፍሬኑ ፔዳል ወደ ወለሉ ሰጠመ። በአንድ በኩል ገደል ነው፤ በሌላው በኩል የተራራው ግድግዳ ነው። የባለቤቴ ወንድም ማርሹን ወደ አንደኛ አውርዶ የግራ ጎማዎቹን በተራራው ሥር ባለው ቦይ ውስጥ ከተታቸው፤ መኪናይቱም ድንጋይ እየፋቀች ቆመች። ፍሬኑ እስኪበርድ ድረስ ሴትዮዋ በምጥ ላይ ሆና ቆየን። በኋላም እንደ ኤሊ እያዘገምን ደባርቅ ደረስን። እግዚአብሔር ይመስገን እናትም ሕፃንም ደኅና ናቸው። ያን ቀን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በማግሥቱ ጎንደር ወስደን ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ አሳየናት። ከሥርዋ ገብተው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ ወጡና እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «መምህር፤ መኪናይቱን ከፍ አደረጋችኋት እንጂ ከፍ ማለትዋን ለፍሬኑ አልነገራችሁትም» አሉኝ። ነገሩን ሲያስረዱኝ በፊዚክስ አስተማሪነቴ አፈርሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ ፒካፖች ላይ፣ በኋላኛው አክስልና በሻንሲው መካከል አንድ ቀጭን ዘንግ አለ። ዕቃ ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ዝቅ ይላል፤ በዚያ ጊዜ ዘንጉ ከፍሬን ዘይት መቈጣጠሪያው ጋር ተያይዞ «ጭነት አለ፤ ለኋላ ፍሬን ዘይት ጨምር» ይለዋል። መኪናይቱ ባዶ ስትሆን ደግሞ የኋላ ጎማ እንዳይንሸራተት ዘይቱን ይቀንሳል። እኛ ታኮ አግብተን አክስሉንና ሻንሲውን ስናራርቃቸው ዘንጉ ተታለለ። መኪናይቱ እህልና ሰው ተሸክማ ሳለች ባዶ መሰለችው። ስለዚህ በዚያ ቁልቁለት አብዛኛውን ሥራ የሠራው የፊት ፍሬን ብቻ ነበር፤ እሱም ነደደ።

የጎማው ነገር ደግሞ በራሱ መንገድ አባባሰው። የመጀመሪያው ጎማ ከዳር እስከ ዳር ሲለካ ቁመቱ 776 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ አዲሱ 831 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ጎማው በ7 በመቶ ሲያድግ ማርሹ ሁሉ በዚያው መጠን የፈጠነ ያህል ይሆናል፤ ሞተሩ በቁልቁለት መኪናይቱን የሚይዝበት ጕልበት ያንሳል፤ ፍሬኑም የበለጠ ይደክማል። የፍጥነት መቍጠሪያው 60 ሲል በእውነቱ የምንሄደው 64 ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል ዋጋ ከፍለን ያገኘነው ምንድን ነው? ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው። ባሌስትራና ሞላ ሲረዝሙ ከፍ የሚለው ሻንሲውና ጋቢናው ነው እንጂ የኋላው አክስል አይደለም። ከድንጋይ ጋር የሚጋጨው የዲፈረንሻሉ እንቍላል ደግሞ ያለው በአክስሉ ላይ ነው። እሱን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው፤ ያውም በእኩሌታው። ከዚያ ሁሉ ወጪ በኋላ ዲፈረንሻሉ ከፍ ያለው በ27 ሚሊ ሜትር፣ ማለት በሁለት ጣት ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ሁሉ ለዐይን ነበር። አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ይህን ስል መኪና ፈጽሞ ከፍ አይበል ማለቴ አይደለም። ያረጀና የተኛ ባሌስትራ በጭነትዋ ልክ በተሠራ አዲስ ባሌስትራ ቢለወጥ፣ አሞርዛተሩም ከእሱ ጋር የሚስማማ ቢሆን፣ መኪናይቱ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብትነሣ ጥቅም አለው። ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የፊት ጎማዎችን የሚያዞሩት ዘንጎች መጋጠሚያቸው ይጣመማል፤ የፍሬን ቱቦ ይወጠራል፤ የመሪው አቀማመጥ ይዛባል። የጎማዎቹ መራራቅ ሳይጨምር ቁመት ብቻ ስለሚጨምርም መኪናይቱ በጠማማና በዘማማ መንገድ ለመገልበጥ ትቀላለች። በታኮ መነሣት ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ባሌስትራው በማርሽ ጕልበት እንዲጠማዘዝ ያደርገዋልና። ባሌስትራ ደራርቦ ማጠንከርም ባዶ ስትሄድ እንደ ፈረስ እንድትዘል ያደርጋታል። ከፍ ከተደረገችም የፍሬን መቈጣጠሪያው ዘንግና ቱቦው አብረው መስተካከል አለባቸው።

ስለ ጎማ የተማርሁትን ደግሞ ልንገራችሁ። በጎማው ጎን ላይ 265/65 አር 17 ተብሎ ሲጻፍ 265 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ ነው፤ 17 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። ቀጥሎ 112 የሚል ቍጥር ቢገኝ አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ከዚህም ሌላ አራት አኃዝ ያለው የተሠራበት ቀን አለ፤ ለምሳሌ 1222 የሚል ቢሆን በፈረንጆች አቈጣጠር በ2022 ዓመት በ12ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። በመጋዘን ብዙ ዓመት የተኛ ጎማ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ላስቲኩ አርጅቷል።

የስሜን ድንጋይ ከጥንት እሳተ ገሞራ የወጣ ጥቍር ድንጋይ ነው፤ የተሰበረው ጠርዝ እንደ ቢላዋ ነው። ስለዚህ ለእኛ አገር መንገድ ከጥርሱ መግዘፍ ይልቅ የጎኑ ጥንካሬ ይበልጣል። ጥርሰ ትልልቅ የጭቃ ጎማ በጭቃ ይረዳ እንጂ ከደባርቅ በዳባት አድርጎ እስከ ጎንደር ባለው አስፋልት ላይ ይጮኻል፤ ቶሎም ያልቃል፤ በእርጥብ አስፋልትም ይንሸራተታል። ለጠጠርም ለአስፋልትም የሚሆነውን መካከለኛውን ጥርስ፣ ጎኑ ለጭነት የተጠናከረውን መምረጥ ይሻላል። ቅያሪ ጎማውም ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሁን፤ በአራት ጎማ የሚነዳ መኪና የተለያየ ቁመት ያለው ጎማ ቢገጠምለት ዲፈረንሻሉ ይጎዳል። የአየሩ መጠን በሾፌሩ በር ላይ በተለጠፈው ወረቀት መሠረት ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ። በጎማው ጎን የተጻፈው የመጨረሻው ወሰን ነው እንጂ የሚነፋበት ልክ አይደለም።

አሁን ወደ እናንተ ወደ መንግሥት ሠራተኞች እመለሳለሁ። ብዙዎቻችሁ በግዥ ኮሚቴ ውስጥ ትቀመጣላችሁ። ለአዲስ አበባ ጎዳናና ለቧሂት ቁልቁለት የሚሆን ጎማ በአንድ ዓይነት ማዘዣ ሲገዛ አይተናል። በጨረታ ዋጋው ያነሰው ያሸንፋል፤ ጎማው ግን በመጀመሪያው ክረምት ጎኑ ይቀደዳል። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ጎማና መለዋወጫ ምን ያህል እንደ ተወደደ የማያውቅ የለም። ስለዚህ በግዥ የሚፈጸም ስሕተት ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ይጎዳል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ የገጠር መኪና ጎማና ባሌስትራ ሲገዛ መኪናውን የሚነዳው ሾፌር በኮሚቴው ፊት ቀርቦ ይጠየቅ። በየቀኑ መሪውን የሚይዘው እሱ ነው እንጂ ፊርማውን የሚያኖረው አይደለምና። ሁለተኛ፣ በማዘዣው ላይ የጎማው ልክ ብቻ ሳይሆን የሚሸከመው ክብደትና የተሠራበት ዘመን ይጻፍ። ሦስተኛ፣ ከፍ የተደረገ መኪና ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ የፍሬን ዘንጉና ቱቦው መስተካከላቸው ይታይ።

የራሴን መኪና ጉዳይ ለጠየቀኝ፣ ታኮውን አስወጥተን ጥለነዋል። ትልልቆቹን ጎማዎች በኪሳራ ሸጠን በቀድሞው ልክ ጎናቸው የጠነከረ ገዛን። ኋላዋ ላይ በጭነትዋ ልክ አዲስ ባሌስትራና አሞርዛተር አስገባን፤ የፍሬኑንም ዘንግ መካኒኩ በእጃቸው አስተካከሉት። አሁን ስትቆም እንደ ቀድሞው አታስፈራም፤ በቁልቁለት ግን ትቆማለች።

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የእጅ ሥራ አስተማሪያችን ወንበር ሠርተን ስናቀርብ ቀለሙን ሳያዩ በመጀመሪያ ይቀመጡበት ነበር። ቢሰበር ይወድቃሉ፤ ባይሰበር ዝም ብለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ያን ጊዜ ነገሩ ያስቀን ነበር። ዛሬ ግን በመካነ ብርሃን መንገድ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ ያ ሁሉ ትምህርት «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ማለት እንደ ነበረ ገብቶኛል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ መምህር
ከመካነ ብርሃን