ቀበሮ የገደለው ዶሮ በየትኛው ሂሳብ ይመዝገብ?

ሰሞኑን ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አንድ የዶሮ እርባታ ጎራ ብዬ ነበር። የሄድኩት ስለ እንቁላል ዋጋ ለመጠየቅ ነው። የእርባታው ባለቤት ግን ስለ እንቁላል የማውራት ፍላጎት አልነበራቸውም። ባደረው ሌሊት ቀበሮ ከአንዱ ቤት ግድግዳ ሥር ቆፍሮ ገብቶ 37 ቄቦች ገድሎባቸዋል። ይዞ የሄደው ሁለት ወይም ሦስት ቢሆን ነው፤ የቀሩት አንገታቸው ተነክሶ እዚያው ወድቀዋል።

«በልቶ ቢሄድ አንድ ነገር ነበር» አሉኝ። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ መርዝ ገዝቼ በሥጋ ለውሼ አስቀምጥለታለሁ፤ በዚያው ያበቃል።» የማያገባኝ ነገር ውስጥ ገባሁና የሂሳብ መዝገባቸውን እንዲያሳዩኝ ጠየቅኋቸው። ሰውየው መዝገብ በመያዝ አይታሙም። የመኖው ወጪ በኪሎ፣ የክትባቱ በቀን፣ የመብራቱ በወር ተጽፏል። የሞቱት ዶሮዎች ግን የሰፈሩት «ሞት» በሚል አንድ ዓምድ ነው። በፈንግል ያለቀው፣ በሙቀት የታፈነው፣ አውሬ የገደለው ሁሉ አንድ ላይ ተደምሯል።

በእኔ አስተያየት የችግሩ ሥር እዚህ ላይ ነው። በበሽታ የሚመጣ ሞት በክትባትና በንጽህና የሚቀንስ እንጂ ጨርሶ የማይጠፋ ኪሳራ ነው፤ ማንኛውም የፕሮጀክት ጥናት ይህን ያህል በመቶ ብሎ ያስቀምጥለታል። አውሬ የሚያደርሰው ጉዳት ግን የሞት ሳይሆን የቤት ሂሳብ ነው፤ ባልተሠራ ግድግዳና ባልተዘጋ በር የሚከፈል ኪራይ ማለት ነው። ሁለቱ ሲደባለቁ ባለቤቱ ለቀበሮ በዓመት ስንት እንደሚከፍል አያውቅም። ስለማያውቅም የሽቦ መረብ ዋጋ ሲነገረው «ውድ ነው» ይላል፤ ለመርዝ ግን ሳይጠይቅ ይከፍላል።

እስቲ የእኚህን ሰው ሌሊት እናስላው። አንድ የእንቁላል ዝርያ ቄብ እንቁላል ልትጀምር እስከምትቃረብበት እስከ 18ኛው ሳምንት ድረስ 7 ኪሎ ግራም ገደማ መኖ ትበላለች። ለ37ቱ ይህ ከሁለት ተኩል ኩንታል በላይ መኖ ነው። የጫጩት ግዢ፣ ክትባት፣ የማሞቂያ መብራትና የሠራተኛ ደመወዝ ሲጨመርበት ወጪው ሁሉ ወጥቶ አንዲት እንቁላል እንኳ አልተገኘችም። በደንብ የተያዘች የእንቁላል ዝርያ ዶሮ በመጀመሪያው የመጣል ዓመቷ 280 እንቁላል ያህል ትሰጣለች ብንል፣ በአንድ ሌሊት የጠፋው ከ10 ሺህ እንቁላል በላይ ነው። ይህም ከሞት የተረፉት ደንግጠው የሚያጓድሉትን ሳይጨምር ነው። በቦታቸው 37 እኩያ ቄብ ገዝቶ መተካትም ቀላል አይደለም፤ ከሌላ እርባታ የመጣ ዶሮ የሌላ እርባታ በሽታ ይዞ ይመጣልና። ስለዚህ ቦታው መንጋው እስኪወጣ ድረስ ባዶ ይቆያል፤ ኪራዩና ደመወዙ ግን አይቀንስም።

በአንጻሩ ጥላ ጨርሳ ለበዓል ልትሸጥ የደረሰችን ዶሮ ቀበሮ ቢወስዳት የጠፋው የአንድ ወጥ ዶሮ ዋጋ ነው፤ የራሷን ወጪ ከመለሰች ቆይታለች። ከዚህ የምንረዳው ጠንካራው ቤት ለቄቦቹ መሆን እንዳለበት ነው። በተግባር የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። አዲሱና በብሎኬት የተሠራው ቤት ለሚጥሉት ይሰጣል፤ ቄቦቹ በአሮጌው ጭቃ ቤት ያድጋሉ።

ወደ መርዙ እንመለስ። መርዝ ርካሽ የሚመስለው ዋጋው የሚታሰበው በሱቅ ውስጥ ብቻ ስለሆነ ነው። አንድ ቀበሮ ቢሞት ባዶ የሆነውን ክልል ሌላው ይይዘዋል፤ ግድግዳው ሥር ያለው ጉድጓድ ደግሞ እንደተከፈተ ነው። መርዝ የተለወሰ ሥጋ የሚበላውን አይመርጥም። የጎረቤት ውሻ፣ የራስ ዘበኛ ውሻ፣ ሬሳውን የሚያነሣው ጥንብ አንሣ ሁሉ ተራ በተራ ይወድቃሉ። የጎረቤት ካሣ ደግሞ በየትኛው ዓምድ እንደሚመዘገብ ባለቤቱ ያስቡበት።

በገበያው በኩልም የተመዘገበ ታሪክ አለ። ፉራዳን በሚል ስም ይሸጥ የነበረው ካርቦፉራን የተሠራው ለሰብል ተባይ ነው። በኬንያ አንዳንድ ከብት አርቢዎች በሬሳ ላይ እየነሰነሱ አንበሳ ይገድሉበት እንደነበር በ2009 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ከተሰማ በኋላ፣ አምራቹ ኩባንያ ምርቱን ከአገሪቱ ሱቆች መልሶ እስከመግዛት ደርሷል። ለሰብሉ የሚፈልገውም ገበሬ ከዚያው ጋር አጣው።

ሕጉም አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 አደንን በፈቃድ የሚሠራ ሥራ አድርጎታል። የግቢ ባለቤት መሆን የአደን ፈቃድ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 674 ደግሞ ፀረ ተባይ በምዝገባና በቁጥጥር እንዲያዝ የወጣ ነው እንጂ ከሥጋ ጋር ተለውሶ በሜዳ እንዲቀመጥ አይደለም። የሽቦ ገመድ ወጥመድም ከዚህ አይሻልም፤ የያዘውን እያሠቃየ ያሳድራል፤ ብዙ ጊዜ የሚይዘውም የሰፈሩን ውሻ ነው። ጉዳቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከት ይቻላል።

እንግዲህ ገንዘቡ በምን ላይ ይውላል? ቀበሮ የሚገባው በሥር ነው። ስለዚህ ጠንካራ የሽቦ መረብ ከግድግዳው ግርጌ ጀምሮ ወደ ውጭ፣ ከግማሽ ሜትር ባላነሰ ስፋት መሬት ላይ አንጥፎ አፈርና ድንጋይ መጫን ነው። ቀበሮው የሚቆፍረው ግድግዳው ሥር ተጠግቶ ስለሆነ ጥፍሩ ሽቦ ላይ ያርፋል፤ ግማሽ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ መጀመር ግን አይመጣለትም። ለዶሮ ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ሽቦ ዶሮ እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ ጥርስ ያለው እንዳይገባ አያግድም። በየመገናኛው የተበየደው ይሻላል። ቀዳዳው ከ2.5 ሳንቲ ሜትር ካልበለጠ ሸለምጥማጥም አያልፍም፤ ቀበሮ ተብሎ ከሚታማው ውስጥ የሸለምጥማጥ ድርሻ ቀላል አይደለም። መስኮቱም፣ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተትም በዚሁ ይሸፈን። ሰፊ ግቢ ላለው ሰው ደስ የሚያሰኘው ግቢውን በሙሉ ማጠር አለማስፈለጉ ነው። መዘጋት ያለበት ዶሮዎቹ የሚያድሩበት ቤት ነው።

በሩ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይዘጋ። ይህ ምንም አያስወጣም፤ ነገር ግን በየወሩ ለዘበኛ የሚከፍል ሰው በሩን ማን፣ በስንት ሰዓት እንደዘጋው አይጠይቅም። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት የሚሰቅሉም አሉ፤ ለጥቂት ሌሊቶች ይሠራል፤ ከዚያ ቀበሮው ይለምደዋል።

ከሁሉ የባሰው የሞቱ ዶሮዎች አጣጣል ነው። በየቀኑ አንድ ሁለት ሬሳ ከአጥሩ ጀርባ የሚወረውር እርባታ ቀበሮን እየቀለበ ነው። አጥሩ ሥር ሲመገብ የከረመ አውሬ ከአጥሩ ወዲህ ያለውን ለማወቅ ቢፈልግ ምን ይገርማል? ሬሳ በጥልቅ ጉድጓድ ኖራ ተነስንሶበት ይቀበር ወይም ይቃጠል። የፈሰሰ መኖም ይጠረግ፤ መኖው አይጥ ይጠራል፤ አይጡ ደግሞ አዳኙን።

ውሻ ጥሩ ነው፤ ግን በየዓመቱ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይከተብ። የዚህን ምክንያት ለማየት ወደ ደጋው መውጣት ያስፈልጋል። ገንዘባቸውን በመንዝና በደብረ ብርሃን በኩል በበግ ላይ ለማዋል የሚያስቡ አንባቢያን እንዳሉ አውቃለሁ። እዚያ ጉዳዩ ከዶሮ ቤት ይለያል፤ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ባለው ውርጭ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ይኖራልና። ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ በአገሪቱ ያሉት አዋቂዎቹ ተቆጥረው 500 አይሞሉም። የሚኖረው በአብዛኛው አይጥ እየበላ ነው፤ አይጡ ደግሞ የገብሱ ጠላት ነው። በባሌ ተራሮች በ1991 እና 92፣ ኋላም በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. ከቤት ውሾች የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ብዙዎቹን ፈጅቷል። ቀዩን ከተራው ለመለየት መልኩ ደማቅ ቀይ፣ ጉሮሮው ነጭ፣ የጭራው ጫፍ ጥቁር መሆኑን ማየት ነው። ተራው ግራጫ ቢጫ ነው። (እሱንም ቢሆን በ2015 እ.ኤ.አ. የዘረ መል ተመራማሪዎች ከቀበሮ ይልቅ ለተኩላ ይቀርባል ብለውታል፤ ለዶሮዋ ግን ስሙ ምኗ ነው?) ሁለቱንም ከበጉ የሚያርቀው ያው ነው፦ ከእረኛ ያልተለየ መንጋ፣ ማታ የሚዘጋ የድንጋይ በረት፣ ግልገሎቹ እስኪጠነክሩ ከእናታቸው ጋር በቤት መቆየታቸው።

አንድ ቃል ለደላሎችና ለገዢዎች። የእርባታ ቦታ ሲሸጥ ስለ ውሃ፣ ስለ መብራትና ስለ መንገድ ይነገራል። ከግቢው ጀርባ ስላለው ገደል፣ የሰፈሩ ቆሻሻና የእርድ ትርፍራፊ የት እንደሚጣል ማንም አያነሳም። ገዢው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ጠዋት በማለዳ አጥሩን አንድ ጊዜ ቢዞርና ዱካ ቢፈልግ የሽቦውን ወጪ ከዋጋው ላይ ለማስቀነስ በቂ ማስረጃ ያገኛል።

የቢሾፍቱው ባለቤት ይህን ሁሉ ስነግራቸው «ኢኮኖሚክስ የተማረ ልጅ ለቀበሮ ጠበቃ ቆመ!» ብለው ስቀውብኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ ስደውልላቸው ግን ቄቦቹን ወደ ብሎኬቱ ቤት አዛውረዋል፤ መረቡም ተነጥፎ ድንጋይ ተጭኖበታል። በሦስተኛው ሌሊት ቀበሮው መጥቶ ግድግዳው ሥር ጭሮ ጭሮ መሄዱን ዘበኛው ከዱካው አይቷል። መዝገቡ ላይ «አውሬ» የሚል ዓምድ ተጨምሮ 37 የሚል ቁጥር ከሥሩ ተጽፏል። የእንቁላሉን ዋጋ ግን እስካሁን አልነገሩኝም።