ያልተጠራው የከፈለው ድግስ

ድግስ በአፍሪካ ምድር የተከበረ ነገር ነው። ደጋሹ ከጐተራው ያወጣል፤ እንግዳው ይበላል፣ ይጠጣል፣ መርቆም ይሄዳል። ለደጋሹ የሚቀርለት ትርፍ ምርቃትና መልካም ስም ብቻ ነው። ይህ ሥርዓት በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ እንዳይመስልህ፣ አንባቢ ሆይ። በናይጄሪያም፣ ይልቁንም በዮሩባ ሕዝብ ዘንድ፣ ሠርጉም ልደቱም የሽማግሌ ቀብርም ሳይቀር በታላቅ ግብዣ ይከበራል፤ ኦዋምቤ ይሉታል። ወዳጅ ዘመድ አሶ ኤቢ የሚባለውን አንድ ዓይነት ጨርቅ አሰፍቶ ይለብሳል። እኛ በአዝማሪ ግንባር ላይ ብር እንደምንለጥፍ ሁሉ እነርሱም በሚጨፍር ሰው ላይ ናይራ ይረጫሉ። በ2007 የወጣው የማዕከላዊ ባንካቸው ሕግ (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቈጣጠር ነው) ይህን መርጨት ወንጀል ቢያደርገውም ልማዱ አልጠፋም። ትርፍና ብክነት አለበት ቢባል እውነት ነው። ቢሆንም የሚረጨው ሰው ከገዛ ኪሱ ነው የሚረጨው።

እኔ ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ድግስ ነው። ይህኛው የድግስን ልብስ ለብሶ፣ የድግስን ከበሮ እየመታ፣ የድግስን ሕግ የገለበጠ ነው። በዚህኛው የሚያተርፈው ደጋሹ ነው፤ የሚከፍለው ደግሞ ያልተጠራው ነው።

ባለፈው ዓመት ልጄ በሥራ ምክንያት ወደሚኖርባት ወደ ሌጎስ ከተማ ሄጄ ነበር። እዚያ ሳለሁ አንድ ኩባንያ አዲሱን የእጅ ስልኩን ለሕዝብ በሚያሳይበት ግብዣ ላይ ከልጄ ጋር ተገኘሁ። አዳራሹ በቪክቶሪያ ደሴት ነበር። ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎአል፤ ስማቸው የታወቀ ዘፋኞችና የፊልም ተዋንያን ተጠርተዋል፤ ምግቡና መጠጡ ተትረፍርፎአል። ከመድረኩ መካከል በጨርቅ የተሸፈነ አንድ ነገር ቆሞአል። ሰዓቱ ሲደርስ መብራቱ ጠፋ፣ ጢስ ተለቀቀ፣ ከበሮው ጐረፈ፣ ጨርቁም ተገለጠ። የተገለጠው ከመዳፍ የማይበልጥ ስልክ ነው። ሕዝቡ ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። እኔ በሚስዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ሰው በመሆኔ፣ ሕዝብ በአንድነት ተነሥቶ ሲቆም ለምን እንደሚቆም መጠየቅ ከልጅነቴ የተማርሁት ልማድ ነው። ስለዚህ ተቀምጬ ቀረሁ።

ቀጥሎ የመድረኩ መሪ፣ «አሁን የያዛችሁትን ስልክ ወደ ላይ አንሡ!» አለ። ጥቂቶች አነሡ። «ይህን አዲሱን ካየ በኋላ ያን ይዞ ከዚህ አዳራሽ ለመውጣት የማያፍር ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሳቅ ሆነ። ከአጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ወጣት እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በስልኳ ፎቶግራፍ ስታነሣ ነበር። ስልኩ ምንም ጕድለት አልነበረበትም። ነገር ግን ጥያቄውን እንደ ሰማች ቶሎ ብላ ከቦርሳዋ ከተተችው።

አንባቢ ሆይ፣ ያ ሁሉ መብራትና ጢስ የተደገሰው ለዚህች አንዲት እጅ መሸሸግ ነው። ኩባንያው በዚያች ሌሊት ሁለት ነገር አከፋፈለ፤ አስቀድሞ ኀፍረትን በነፃ አደለ፤ ከዚያም የኀፍረቱን መድኃኒት በዋጋ አቀረበ። ዋጋውም ሲነገር ሰማሁ። የናይጄሪያ መንግሥት በ2024 ባወጣው ሕግ ዝቅተኛውን የወር ደመወዝ 70,000 ናይራ አድርጎት ነበር። በዚህ ቢሰላ፣ የአንዱ ስልክ ዋጋ ከስድስት ወር ደመወዝ ይበልጣል።

ታዲያ ከፋዩ ማን ነው? የዘፋኙ ዋጋ፣ የአዳራሹ ኪራይ፣ የምግቡና የመጠጡ ወጪ ከሰማይ አልወረደም። በሒሳብ መዝገብ ላይ የማስታወቂያ ወጪ ተብሎ ይጻፋል፤ ኋላም ከስልኩ ዋጋ ላይ ተጨምሮ ይመለሳል። በዚያ አዳራሽ የተቀመጠው እንግዳ በነፃ በላ፤ ዝነኛ የሆነውም ስልኩን በስጦታ ተቀብሎ ሄደ። ከፋዩ ውጭ ነበር።

ከውጭ መኪና ውስጥ አራት ሰዓት የጠበቀን ሾፌር መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ አለው። በዚያችው ስልክ ኢባዳን ለምትኖር እናቱ በየወሩ ገንዘብ እንደሚልክ ነግሮኛል። ስንወጣ መጀመሪያ የጠየቀን ስለ ስልኩ ነው። ዋጋውን ብነግረው ጥቂት ዝም አለና፣ «በየወሩ እየተከፈለ የሚወሰድ ይሆናል፣ አባቴ። የእኅቴን የትምህርት ቤት ክፍያ እስከሚቀጥለው ተርም ባቈየው ለመነሻው ይበቃኛል» አለኝ። እኔ ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ። ክፍያዋ ያልደረሰ ልጅ ደብተሯን ይዛ ከክፍል ስትወጣ ምን ዓይነት ፊት እንደሚኖራት አውቃለሁ። ያ ድግስ በመጨረሻ የሚከፈለው ከዚያ ፊት ላይ ነው።

የወር ክፍያውም ቢሆን ቀላል ቀንበር አይደለም። በዱቤ የሚሰጡት ስልኮች ብዙዎቹ፣ ክፍያው የዘገየ እንደ ሆነ አበዳሪው ከሩቅ ሆኖ የሚዘጋቸው ናቸው። ሰውዬው ሥራ ለመጠየቅ፣ ከዘመድ ለመበደር፣ ዕዳውን ለመክፈል የሚደውልበት መሣሪያ ራሱ ይታሰርበታል። የቀድሞው አራጣ አበዳሪ በሬ ይወስድ ነበር። የአሁኑ አበዳሪ በሬውን ከባለቤቱ ቤት ትቶ እግሩን ያስረዋል። ዕዳ ከሜዳ ይሉሃል ይህ ነው።

ይህን ስል የስልክ ጠላት የሆንሁ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። አይደለሁም። በናይጄሪያ በጃንዩወሪ 2001 መንግሥት የእጅ ስልክ ፈቃድ እያንዳንዱን በ285 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ እስኪሸጥ ድረስ ስልክ የባለሥልጣንና የባለጸጋ ዕቃ ነበር። ዛሬ ቲማቲም የምትሸጠው ሴት ሳትቀር ትደውልበታለች። በ2023 መጀመሪያ የናይራ ኖት ተለውጦ ጥሬ ገንዘብ በጠፋ ጊዜ ብዙ ሕዝብ እንጀራውን የገዛው በስልክ ገንዘብ እያስተላለፈ ነው። እንዲህ ያለ መሣሪያ ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ይህን ሁሉ ሥራ የሠራው፣ በዚያ አዳራሽ የተሳቀበት አሮጌው ስልክ አይደለምን?

ደግሞም፣ «ኩባንያው ለወጣቱ ሥራ ይሰጣል» ይሉኛል። ሥራ ማየት የፈለገ በዚያው በሌጎስ ኢኬጃ ወዳለው ኮምፒዩተር ቪሌጅ ወደሚባለው ገበያ ይሂድ። ወጣቶች በጠባብ ጠረጴዛ ላይ ጐንበስ ብለው የሞተ ስልክ ሲያስነሡ ያያል። ከውጭ አገር ተሠርቶበት የመጣውን ዕቃ ቶኩንቦ ይሉታል፤ ይህም ዮሩባዎች በባሕር ማዶ ተወልዶ ለተመለሰ ልጅ የሚያወጡት ስም ነው። እዩት እንግዲህ፤ ድሀው ያገለገለውን ዕቃ የልጅ ስም አውጥቶ ይቀበለዋል፤ ባለጸጋው ደጋሽ ደህናውን ዕቃ ጕድፍ ብሎ ይሰድበዋል። ከሁለቱ የሠለጠነው የትኛው ነው?

ይህ ስድብ ደግሞ በቃል ብቻ አይቀርም። የተባበሩት መንግሥታት በ2024 ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ በ2022 በዓለም ላይ የተጣለው የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክ ዕቃ 62 ሚሊዮን ቶን ነው። ከዚህ በሥርዓት ተሰብስቦ እንደ ገና ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ከሩብ ያንሳል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ ከ2025 አጋማሽ ጀምሮ የሚሠራ ደንብ አውጥቶአል። ስልክ ሠሪው ሽያጩን ካቆመ በኋላ ዋና ዋና መለዋወጫዎችን ለሰባት ዓመት ማቅረብ፣ የስልኩንም ሥርዓተ ክወና ቢያንስ ለአምስት ዓመት ማደስ ግዴታው ሆነ። ለአውሮፓ ገዥ የሰባት ዓመት መለዋወጫ፣ ለአፍሪካ ገዥ የአንድ ሌሊት ከበሮ! በዚያ መድረክ ላይ ስለ ካሜራው ብዙ ተባለ፤ ስለ መለዋወጫው ግን አንድ ቃል እንኳ አልሰማሁም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ኩባንያዎች ሆይ፣ መደገስ ካማራችሁ ደግሱ፤ ነገር ግን ጨርቁን ስትገልጡ ስልኩ ስንት ዓመት እንደሚያገለግልና ሲሰበር በስንት እንደሚጠገን አብራችሁ ግለጡ። መንግሥታት ሆይ፣ ነጋዴው ለአውሮፓ የገባውን ግዴታ ለሕዝባችሁም እንዲገባ አድርጉ። ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ይህ ዓይነቱ ድግስ ለአዲስ አበባም እንግዳ አይደለምና፣ ልጆቻችሁን ሒሳብ ስታስተምሩ ይህንንም ጨምራችሁ አስተምሩ፤ የሚሠራ ዕቃ አያሳፍርም፤ የሚያሳፍረው ያልተከፈለ ዕዳና ከትምህርት የቀረች እኅት ናት።

አንተም ወጣት ሆይ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ ያሉት አባቶች የዱቤውን ስልክ ሳያዩት ቀድመው ነግረውሃል። የቆየ ስልክህን አንሥተህ አሳይ ያሉህ እንደ ሆነ፣ ሳታፍር አንሣው። እናትህን በየወሩ ያበላህበት እርሱ ነው።