ሽጉጥ ሁሉ አንድ አይደለም
አንድ የማውቀው የዲላ ቡና ነጋዴ ወደ ይርጋጨፌ ሲወጣ ሽጉጡን ጥይት አጉርሶ ወገቡ ላይ ይሻጣል። «ሽጉጥ ያው ሽጉጥ ነው» ይለኛል፤ አልስማማም። የማካሮቭ ሽጉጥ የመጀመሪያ የምላጭ ስበት ረጅምና ከባድ ነው። አንዴ ከተኮሰ ግን መዶሻው ራሱን ስለሚወጥር ለቀጣዩ ትንሽ ንክኪ ይበቃዋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ሁለተኛው ነው፤ የደነገጠ ሰው መቼ ጣቱን ያነሳና! ደግነቱ፣ መቆለፊያውን ወደ ላይ ሲገፉት መዶሻውን ሳይተኩስ ያወርደዋል። የድሮው ቶካሬቭ እሱም የለው፤ መዶሻውን ግማሽ ላይ ማቆም ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ ፈቃድ ሲሰጥ፣ ባለቤቱ የምላጩን ጠባይ ቢጠየቅ እመርጣለሁ። ወዳጄ ይህን ስነግረው ሳቀና የጎረሰውን ሽጉጥ ጆንያ ላይ ጋደም አድርጎ ቡና አዘዘልኝ፤ አፈሙዙ ወደ እኔ ነበር።